አፍ ሲቆስል ምክንያቱን እንወቅ

ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ ከተሰጡ ንግግሮች

 

ይህን ትምህርት በሬዲዮ የሰማችሁ ሁሉ አሁን በጽሑፍ ታገኙታላችሁ። ንባብ የጀመራችሁ ወገኖች ጣታችሁን ከመሥመሩ ሥር እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ረጅም ቃል ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ። ከፋፍላችሁ አንብቡት። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። የዛሬው ጉዳይ የሁላችንንም ቤት ይመለከታልና።

የዛሬው ርእሳችን የአፍ ቁስል ነው። በተለይም አልድን እያለ የሚመላለስ የአፍ ቁስል ነው።

አፍ በር ነው። እህልና ውሃ የሚገባው በአፍ ነው። ቃል የሚወጣውም በአፍ ነው። አፍ ሲቆስል ሁለቱም ይጎድላሉ። ሰውዬው ምግብ ይቀርብለታል፤ ወጡ ስለሚያቃጥለው ይተወዋል። ጎረቤት ሊጠይቀው ይመጣል፤ መናገር ስለሚያመው ዝም ይላል። ሕፃን ልጅ ከሆነ ጡት ይይዝና እያለቀሰ ይለቃል። ቁስሉ ትንሽ ነው። ጉዳቱ ግን ትንሽ አይደለም።

ታዲያ አፋችን ሲቆስል ምን እናደርጋለን? አንዱ «ምች ነው» ይልና ዳማከሴ ያሻል። ሌላው «ይተዋል» ብሎ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ ከሱቅ ካፕሱል ገዝቶ፣ ከፍቶ፣ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። ሁሉም መዳን ይፈልጋል። ነገር ግን የቁስሉን ምክንያት ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው። ስለዚህ አስቀድመን ምክንያቱን እንወቅ።

የአፍ ቁስል ሁሉ አንድ አይደለም

የአፍ ቁስል ብዙ ዓይነት ነው። እስቲ ደጋግመው የሚታዩትን እንለያቸው።

አንደኛው ትንሽ ክብ ቁስል ነው። በጉንጭ ውስጥ፣ በከንፈር ውስጥ ወይም በምላስ ጠርዝ ላይ ይወጣል። መካከሉ ነጣ ወይም ቢጫ ይላል። ዙሪያው ቀይ ነው። በጣም ያማል። ብዙውን ጊዜ ግን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ይድናል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህ ፈንገስ አይደለም።

ሁለተኛው በልማድ ምች የምንለው ነው። ከንፈር ዳር ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ይወጣሉ። ከዚያም ይፈነዱና ቅርፊት ይሠራሉ። ይህን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በጣም ረቂቅ የሆነ የበሽታ ምክንያት ነው። ይህም ፈንገስ አይደለም።

ሦስተኛው በመጋጨት የሚመጣ ነው። የተሰበረ ጥርስ ምላስን ይቆርጣል። ትኩስ ነገር ላንቃን ይልጣል። ጥርሱ ሲስተካከል ወይም ቀን ሲያልፍ ይድናል።

አራተኛው ፈንገስ የሚያመጣው ነው። ዛሬ በሰፊው የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ፈንገስ ምንድን ነው?

ፈንገስ የሚለው ቃል አዲስ ሊሆንባችሁ ይችላል። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። እናንተ ፈንገስን በየቀኑ ታዩታላችሁ።

እንጀራ መሶብ ውስጥ ለቀናት ሲቆይ ምን ይሆናል? ይሻግታል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ያወጣል። ያ ሻጋታ ፈንገስ ነው። ጠላ ሲጠነሰስ እንዲፈላ የሚያደርገውም እርሾ የፈንገስ ወገን ነው። ስለዚህ ፈንገስ የሚጠቅምም የሚጎዳም አለው።

በአፍ ውስጥ የሚያድገው ፈንገስ ካንዲዳ ይባላል። ካ-ን-ዲ-ዳ። እስቲ አንድ ጊዜ ድገሙት። ካንዲዳ የእርሾ ዘመድ ነው። ብቻውን በዓይን አይታይም፤ ማይክሮስኮፕ የሚባል ማጉያ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ብዙ ሆኖ ሲሰበሰብ ግን ነጭ ሽፋን ሆኖ ይታያል።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። ካንዲዳ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ይኖራል። ምንም አያደርግም። እንግዲህ ጥያቄው «ፈንገሱ ከየት መጣ?» አይደለም። ጥያቄው «ዝም ብሎ ይኖር የነበረው ፈንገስ ዛሬ ለምን በረታ?» ነው።

ይህን ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። በማሳ ውስጥ የአረም ዘር ሁልጊዜ አለ። ጤፉ ወፍሮና ተጠጋግቶ ሲበቅል አረሙ ቦታ ያጣል። ጤፉ ከሳሳ ግን አረሙ ማሳውን ይወርሰዋል። የአፋችንም ነገር እንዲሁ ነው። በአፋችን ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ ሌሎች ረቂቅ ነፍሳት አሉ። ብዙዎቹ አይጎዱንም። ቦታውን ይዘው ፈንገሱ እንዳይስፋፋ ያደርጋሉ። ምራቃችን አፋችንን ያጥባል። ደማችን ውስጥም ሰውነታችንን የሚጠብቅ ኃይል አለ። እነዚህ ጠባቂዎች ሲዳከሙ ካንዲዳ ይነሣል።

በምን እናውቀዋለን?

የፈንገስ ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

ሀ. በምላስ፣ በጉንጭ ውስጥ ወይም በላንቃ ላይ የረጋ ወተት ወይም አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል።

ለ. ነጩ ሲፋቅ ይነሣል። ሥሩ ግን ቀይ ሥጋ ሆኖ ይቀራል፤ ሊደማም ይችላል።

ሐ. አፍ ያቃጥላል። የምግብ ጣዕም ይጠፋል። አፍ ውስጥ ጥጥ የተጎሰጎሰ ይመስላል።

መ. የከንፈር ጥግና ጥጉ ይሰነጠቃል፣ ይቀላል። አፍ ሲከፈት ያማል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ነጩ ነገር ምንም አይታይም። ምላስ ወይም ላንቃ ቀልቶ ያቃጥላል እንጂ። ይህ ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርገው በሚያድሩ ሰዎች ላይ ከጥርሱ ሥር ይታያል።

እንግዲህ ፈንገሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሽፋን ነው። ጉድጓድ ያለው ጥልቅ ቁስል አይደለም። ሰው ግን ሽፋኑን በጥፍር ወይም በሻካራ ጨርቅ ይፍቀዋል። ያን ጊዜ ሥጋው ይላጣል። በማግሥቱ ነጩ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና ይፋቃል። እንዲህ እየተደረገ ወር ያልፋል። «አፌ አልድን አለኝ» የሚባለው አንዱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ፈንገሱ ለምን ይበረታል?

ጠባቂዎቹን የሚያዳክሙ ብዙ ነገሮች አሉ። ዋና ዋናዎቹን እንቁጠር።

አንደኛ፣ ዕድሜ ነው። ገና የተወለደ ሕፃን ሰውነቱ አልጠነከረም። ያረጀ ሰውም ምራቁ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ይደክማል።

ሁለተኛ፣ አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒት ነው። ቴትራሳይክሊንና አሞክሳሲሊን ከዚህ ወገን ናቸው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ይገድላል። ፈንገስን ግን አይገድልም። አፉ ውስጥ ፈንገስ ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ካፕሱል ሲወስድ ምን ይሆናል? ሰብሉን አጭዶ አረሙን እንደ መተው ነው። ማሳው ለአረሙ ይለቀቅለታል።

ሦስተኛ፣ የስኳር በሽታ ነው። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ በምራቅም ውስጥ ይበዛል። ፈንገስ ደግሞ ስኳር ይወዳል። የሰውነት መከላከያም ይደክማል።

አራተኛ፣ አንዳንድ የአስም መድኃኒቶች ናቸው። በአፍ የሚሳበውና ፓፍ የሚባለው መድኃኒት ውስጥ ስቴሮይድ ያለበት ዓይነት አለ። ከተሳበ በኋላ አፍ በውሃ ካልተጉመጠመጠ ፈንገስ ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱን መተው አይገባም። መጉመጥመጥ ነው የሚያስፈልገው።

አምስተኛ፣ የደም ማነስና የምግብ እጥረት ነው። በተለይ የከንፈር ጥግ መሰንጠቅ ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ስድስተኛ፣ ኤች አይ ቪ ነው። ስለዚህ ወደኋላ ለብቻው እንነጋገራለን።

አንድ ተማሪ

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ይገባልና ያየሁትን ልንገራችሁ።

በማታው የጎልማሶች ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ አንድ አባት ይማሩ ነበር። ፊደል የለዩት በሽምግልናቸው ነው። ድምፃቸው ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር። «ማን ያንብብ?» ሲባል ቀድመው የሚነሡ እሳቸው ነበሩ። በአንድ ወቅት ግን ዝም አሉ። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከኋላ መቀመጥ ጀመሩ። ተራቸው ሲደርስም «ለልጆቹ ስጥልኝ» ይሉ ነበር።

ከትምህርት በኋላ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አፌ እሳት ሆኗል። ቃሉ ሲወጣ ይፈጀኛል» አሉኝ።

ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉ ምላሳቸው ነጭ ለብሷል። የከንፈራቸው ጥግ ተሰንጥቋል። ነገሩ ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ከዚያ በፊት እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶ ነበር። አልሽር ሲል ልጃቸው ከሱቅ ካፕሱል ገዛላቸው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። አፋቸው ሲቆስል ደግሞ ያንኑ ካፕሱል እየከፈቱ ምላሳቸው ላይ ነሰነሱት።

«ታዲያ ጤና ጣቢያ ለምን አልሄዱም?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነጭ አፍ የክፉ በሽታ ነው ይላሉ። በዚህ ዕድሜዬ ስሜ እንዲነሣ አልፈልግም» አሉ።

ተመልከቱ! ሕመሙ አንድ ነው፤ ሐሜቱን መፍራት ደግሞ ሌላ ሕመም ሆኖባቸዋል።

በማግሥቱ ከልጃቸው ጋር ጤና ጣቢያ ሄዱ። ባለሙያዋ አፋቸውን በባትሪ አየች። ከዚያ «አባባ፣ ውሃ ይጠማዎታል? ሌሊት ለሽንት ይነሣሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም አዎን ነበር። እሳቸው ግን እርጅና ነው ብለው ትተውት ኖሯል። ከጣታቸው ጠብታ ደም ተወሰደ። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የኤች አይ ቪ ምርመራውም ተደረገ፤ እሱ የለባቸውም።

አሁን ነገሩ ሁሉ ተገናኘ። የእግራቸው ቁስል አልሽር ያለው በስኳሩ ነው። ፈንገሱም የበረታው በስኳሩና በካፕሱሉ ነው። ለአፋቸው የፈንገስ መድኃኒት ተሰጣቸው። ለስኳሩም ሕክምና ጀመሩ። እግራቸውም በየጊዜው ይታጠብና ይታሸግ ጀመር። የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ችላ ከተባለ እግር እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። እንግዲህ በአፋቸው ላይ የወጣው ነጭ ነገር ትልቁን በሽታ አሳወቀ።

ሕፃናትን በተመለከተ

እናቶች ሆይ፣ ይህ ክፍል በተለይ ለእናንተ ነው።

ሕፃን ልጅ ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ቢታይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የጠባው ወተት ነው፤ ወይ ፈንገስ ነው። እንዴት ይለያል? እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ አርጥቡ። ምላሱን ቀስ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ጥረጉት። ወተት ከሆነ ቶሎ ይለቃል። ፈንገስ ከሆነ ተጣብቆ ይቀራል። ካልለቀቀ አትታገሉት። አትፈትጉት። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ፈንገስ የያዘው ሕፃን ሲጠባ የእናቱም የጡት ጫፍ ሊያዝ ይችላል። ጫፉ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይሰነጠቃል። ልጁ ብቻ ታክሞ እናቱ ካልታከመች በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ስለዚህ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ታከሙ። ጡት ማጥባት ግን አታቋርጡ። የምትጠቀሙበት ጡጦ ካለ ጎማውንም ጠርሙሱንም በየጊዜው አጥባችሁ ቀቅሉት። ከጡጦ ይልቅ ንጹሕ ኩባያ ይሻላል።

ሕፃኑ መጥባት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ከደከመ ነገ አትበሉ። ያኑ ዕለት ወደ ጤና ድርጅት ውሰዱት።

በአንዳንድ አካባቢ ሕፃን አልጠባ ሲል «ግግ አለበት» ተብሎ ድዱ ይቆረጣል። «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥሉ ይቆረጣል። ይህ ፈንገስን አያድንም። ደም ያፈሳል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ባልታጠበ ምላጭም ሌላ በሽታ ይገባል። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር መስጠትም አይገባም። ለትልቅ ሰው የማይጎዳ ማር ለሕፃን ከባድ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊይዝበት ይችላል።

ስለ ኤች አይ ቪ በግልጽ እንነጋገር

«ነጭ አፍ የክፉ በሽታ ነው» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? መነሻ አለው። በጁን 1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ስለ 5 ወጣት ሕመምተኞች የተጻፈ አጭር ሪፖርት ወጣ። ኋላ ኤድስ ስለተባለው በሽታ የወጣው የመጀመሪያው ሪፖርት ይህ ነው። በ5ቱም ላይ ካንዲዳ ተገኝቶ ነበር። ኤች አይ ቪ የሰውነትን ጠባቂ ኃይል ስለሚያደክም ፈንገሱ ቦታ ያገኛል።

ግን ነገሩን ገልብጠን አንየው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ፈንገስ ሊይዘው ይችላል ማለት፣ ፈንገስ የያዘው ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ማለት አይደለም። ሕፃኑ አለ። አረጋዊው አለ። የስኳር ሕመምተኛው አለ። ካፕሱል ያበዛው አለ። ሰውን በአፉ አይቶ ስም ማውጣት ስሕተት ነው፤ ኀጢአትም ነው።

ሆኖም አንድ ጎልማሳ ግልጽ ምክንያት ሳይኖረው አፉ ነጭ ከለበሰ መመርመሩ ይጠቅመዋል። ለምን? መድኃኒት ስላለ ነው። በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ጠባቂ ኃይሉ ይመለስለታል። ሠርቶ፣ ልጆቹን አሳድጎ ይኖራል። የሚጎዳው ማወቅ አይደለም። የሚጎዳው ተደብቆ መቆየት ነው።

አፉ ነጭ ከለበሰ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ መብላትም አያስፈራም። ኤች አይ ቪ በምግብ፣ በኩባያ ወይም በሰላምታ አይተላለፍም። የታመመን ሰው ከማዕድ ማራቅ ሕመሙን እጥፍ ያደርገዋል።

መድኃኒቱ ከየት መጣ?

ለአፍ ፈንገስ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኒስታቲን ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ በተለይ ለገበሬ።

በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ይሠሩ ነበር። አንዷ ኤልዛቤት ሄዘን፣ ሌላዋ ሬቸል ብራውን ይባላሉ። የሚሠሩት በተለያየ ከተማ ነው። ኤልዛቤት ከየቦታው አፈር እየሰበሰበች በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩትን ረቂቅ ነፍሳት ታሳድግ ነበር። ፈንገስ የሚገድል ስታገኝ በጠርሙስ አድርጋ በፖስታ ቤት ለሬቸል ትልካለች። ሬቸል ደግሞ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይታ ታወጣና መልሳ ትልክላታለች።

ብዙው አልሆነም። ፈንገስን የሚገድለው እንስሳንም የሚጎዳ ሆነ። በመጨረሻ ግን ከቨርጂኒያ፣ ከአንድ የወተት ላሞች እርሻ የመጣ አፈር ውስጥ የሚፈለገው ተገኘ። ይህን በ1950 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቁ። ከመድኃኒቱ ሽያጭ የደረሳቸው ድርሻ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ገንዘቡን ለራሳቸው አልወሰዱም። ለሳይንስ ምርምር እንዲውል ሰጡት።

እንግዲህ በላሞች እርሻ አፈር ውስጥ የተገኘ ነገር ዛሬ የሕፃናትን አፍ ያድናል።

መድኃኒቱ እንዴት ይወሰዳል?

ኒስታቲን ለአፍ የሚሰጠው በፈሳሽ መልክ ነው። ብዙውን ጊዜ በቀን 4 ጊዜ ይታዘዛል። መጠኑን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራው ፈንገሱን በመንካት ነው። ስለዚህ እንደ ውሃ ቶሎ መዋጥ አይደለም። አፍ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያንከባለሉ ማቆየት ነው። ወዲያው መብላትና መጠጣት አይገባም፤ መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳልና። ለሕፃን ከሆነ በጉንጩና በምላሱ ላይ ይደረግለታል።

ሌላም ማሳሰቢያ አለ። ነጩ ነገር ሲጠፋ «ድኛለሁ» ብላችሁ ወዲያው አታቁሙ። አረሙ ከላይ ቢታጨድም ሥሩ ይቀራል። ነጩ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ 2 ቀን መቀጠል ያስፈልጋል። የታዘዘላችሁ ቀን ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ የታዘዘላችሁን ጨርሱ።

ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ከወረደ ምግብ ሲዋጥ ያማል። ያን ጊዜ በአፍ ውስጥ የሚንከባለለው ብቻ አይበቃም። ፍሉኮናዞል የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ሊታዘዝ ይችላል። መዋጥ የሚያመው ሰው ሳይውል ሳያድር ይታይ።

መድኃኒቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ምክንያቱ ካልተነካ ፈንገሱ ይመለሳል። ስኳር ከሆነ ስኳሩ ይታከም። ደም ማነስ ከሆነ ደሙ ይመርመር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሆነ ሌሊት ወልቆ፣ ታጥቦ ይደር።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ጠዋትና ማታ ጥርሳችንንና ምላሳችንን እናጽዳ። መፋቂያም ቢሆን ብሩሽም ቢሆን ያገለግላል። የቆሰለውን ቦታ ግን አንፈትግ።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ በጥብጠን እንጉመጥመጥ። ይህ ሕመሙን ያስታግሣል። ፈንገሱን ግን አይገድልም። ለሕፃን አይሆንም።

ለታመመው ሰው በርበሬና ትኩስ ነገር እንቀንስ። ገንፎ፣ አጥሚት፣ አልጫ ለብ ብሎ ይሰጠው። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ እንቀንስለት።

ካፕሱል ከፍተን ቁስል ላይ አንነስንስ። የጎረቤት መድኃኒት አንዋስ።

3 ሳምንት ካለፈ

ከዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር ብቻ ብትይዙ ይቺን ያዙ። 3 ሳምንት።

ማናቸውም የአፍ ቁስል ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምክንያቱ ፈንገስ መሰለም አልመሰለም፣ መታየት አለበት። አልድን ያለ ቁስል የሳንባ ነቀርሳ፣ የቂጥኝ ወይም የአፍ ካንሰር ሊሆን ይችላል። በተለይ ጠርዙ የጠነከረ፣ የማያም ቁስል አያታልላችሁ። ስላላመመ ቀላል አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስና መጠጥ የሚያበዛ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። በአፍ ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ሲፋቅ አልነሣ ካለም መታየት አለበት። ያ ፈንገስ ላይሆን ይችላል።

ጤና ጣቢያው ከራቀባችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት። የት መሄድ እንዳለባችሁ ትመራችኋለች። ስትሄዱም ሦስት ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ቁስሉ የጀመረበትን ቀን። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ። ሌላ የሚሰማችሁን ሕመም። መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው። ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይረሳል። ወረቀት ግን አይረሳም።

ማጠቃለያ

ውድ አድማጮችና አንባቢዎች፣ የተነጋገርነውን በአጭሩ እንድገመው።

የአፍ ቁስል ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ አይብ ነጭ ሆኖ፣ ሲፋቅ ቀይ የሚተው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ የሚበረታው ጠባቂው ሲደክም ነው። ስለዚህ ፈንገሱን ማከም አንድ ሥራ ነው። ጠባቂው ለምን እንደ ደከመ መጠየቅ ሁለተኛ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሥራ ከተረሳ የመጀመሪያው ፍሬ አይሰጥም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ካንዲዳ በጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ እያለ ለምን አይጎዳም?
2. የአፍ ፈንገስ ያለበት ሰው አንቲባዮቲክ ቢወስድ ለምን ይባስበታል?
3. በሕፃን ምላስ ላይ ያለውን ወተትና ፈንገስ እንዴት ትለያላችሁ?
4. እናትና ልጅ ለምን በአንድ ጊዜ ይታከማሉ?
5. በአካባቢያችሁ ሰው አፉ ሲቆስል ምን ይደረጋል? የትኛው ይጠቅማል? የትኛው ይጎዳል? ተወያዩበት።
6. ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የምትይዙትን ሦስት ነገር በደብተራችሁ ጻፉ።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ጥያቄዎቹን በየቡድናችሁ ተነጋገሩባቸው። በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ። ጤና ይስጥልኝ።